ባሕር ዳር ሆኜ የኢንዱስትሪ ሮቦት ጥገና ለመማር ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ደረጃ አራት

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ እስከ ደረጃ 4 ተምሬ የብቃት ምዘናውን አልፌያለሁ። በምርት መስመሩ መጨረሻ ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉትን እሽጎች እያነሣ ፓሌት ላይ የሚደረድር ሮቦት አለ። ሌላውን ማሽን ሁሉ እኛው እየፈታን እንገጥመዋለን፤ ይህ ክንድ ሲቆም ግን ካቢኔውን መክፈት ስለማይፈቀድልን፣ ባለሙያ ከሌላ ቦታ እስኪመጣ ድረስ እሽጉ በሰው ትከሻ ይደረደራል። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ውኃ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ቆመ። በመጨረሻ የመጣው ባለሙያ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አስነሥቶት ሲሄድ ምን እንደሠራ ለማናችንም አልነገረንም። ይህን ሥራ መማር እንዳለብኝ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ሥራዬን ትቼ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይስ ባለሁበት ልቀጥል? ሁለተኛ፣ አንድ ደላላ በሦስት ወር የሮቦቲክስ ሰርተፊኬትና አውሮፓ ውስጥ ሥራ እንደሚያስገኝልኝ ቃል ገብቶ ከፍ ያለ ገንዘብ ጠይቆኛል፤ ቤተሰቦቼም ከብት ሸጠው ሊያግዙኝ ተነሥተዋል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ? ሦስተኛ፣ ሮቦቱን ሳልነካ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ምን መለማመድ እችላለሁ?

መልስ፦ የመስመር ፎርማን

እህቴ፣ በመጠጥ ፋብሪካዎች የማሸጊያ መስመር ላይ 14 ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ባለሙያው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መጨረሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። የተበላሸው ክንዱ፣ ማለትም ሰርቮ ሞተሩ ወይም በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ጊርቦክስ ቢሆን ኖሮ ያለ መለዋወጫ አይነሣም ነበር። ሮቦት ታዛዥ ነው፤ ከፒኤልሲው፣ ማለትም መስመሩን ከሚያዘው የቁጥጥር ኮምፒውተር፣ «ፓሌት ቀርቧል»፣ «እሽግ ደርሷል»፣ «የአጥሩ በር ተዘግቷል» የሚሉት ምልክቶች በሙሉ ካልደረሱት ምንም ሳይበላሽ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች የሚበዙት ከክንዱ ውጭ የነበሩ ናቸው፦ አቧራ የሸፈነው የፎቶ ሴንሰር፣ የተቀደደ የመያዣ ጎማ፣ የወረደ የአየር ግፊት፣ የላላ ሽቦ። ስለዚህ ክንዱ ሲቆም የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» ሳይሆን «ምን እየጠበቀ ነው?» የሚል ይሁን። በቲች ፔንዳንቱ፣ ማለትም ሮቦቱ በእጅ በሚታዘዝበት መቆጣጠሪያ ላይ፣ የገቢና የወጪ ምልክቶችን የሚያሳይ ገጽ አለ፤ ሲሠራ ሳለ የትኛው ምልክት መቼ እንደሚበራ በደብተር ከመዘገብሽ፣ ሲቆም የጎደለውን ለመለየት ደቂቃዎች ይበቁሻል።

አንድ የራሴን ጥፋትም ላክልልሽ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ፋብሪካ ሮቦቱ «ባትሪ አነሰ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሳምንታት ሲያሳይ፣ ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ብለን አለፍነው። አንድ እሑድ ዋናው ማብሪያ ተዘጋ፤ ሰኞ ሲከፈት ክንዱ የራሱን አቋም አያውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በየመገጣጠሚያው ሞተር ላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ኢንኮደር አለ፤ ዋናው ኃይል ሲጠፋ ያንን ቁጥር ይዞ የሚያቆየው ባትሪው ነው። ባትሪው ከሞተ ቁጥሩ ይጠፋል፤ እያንዳንዱን ዘንግ በአካሉ ላይ ወደ ተቀረጸው የዜሮ ምልክት መልሶ እንደገና ማስተካከል የግድ ይሆናል። ይህን ሥራ ማስተሪንግ ይሉታል። እኛ ስለማናውቅበት ሦስት ቀን ቆምን። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ፋኑክ በተባለው የጃፓን አምራች በብዙዎቹ ሞዴሎች ይህ ባትሪ ከክንዱ እግር ሥር የሚገባ 4 ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ብቻ መሆኑ ነው። በየዓመቱ ይቀየራል፤ የሚቀየረውም የድንገተኛ ማቆሚያው ተጭኖ፣ መቆጣጠሪያው ግን ኃይል እንደያዘ ነው። ኃይሉን አጥፍቶ ባትሪውን ያወጣ ሰው ያንኑ የፈራውን ችግር በእጁ ፈጠረ ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅም አትርሺ፤ የሚሠራው መብራት በሌለበት ሰዓት ነውና።

መልስ፦ የቴክኒክ መምህር

ፎርማኑ ባሉት ላይ የምጨምረው ስለ ትምህርቱ ነው። ሥራሽን አትልቀቂ። በኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ እውነተኛ የፓሌት ሮቦት ማግኘት ብርቅ ሲሆን አንቺ ግን በየፈረቃው ከፊቱ ትቆሚያለሽ። ደረጃ 5ን ወይም ዲግሪን በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የምትከታተይበት ዕድል ካለ ያዢው፤ ዲግሪው የቁጥጥር ንድፈ ሐሳብንና የእንቅስቃሴ ሒሳብን ያስተምርሻል፤ እጅሽን ግን አያሠለጥንልሽም። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም (ፖሊ) በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ዓላማው በኤሌክትሪክ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረትና በመሳሰሉት ሙያዎች የተግባር ቴክኒሻኖችን ማፍራት ነበር። አሁን የጎደለን ያ ዓይነት ሰው ይመስለኛል።

የመማሩን ቅደም ተከተል በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት የኤሌክትሪክ ንድፍ ማንበብን አጠናክሪ፤ በ24 ቮልት የሚሠራ ሴንሰር ፒኤንፒ (ሲሠራ ፕላሱን የሚያወጣ) ወይም ኤንፒኤን (ሲሠራ ከማይነሱ ጋር የሚያገናኝ) መሆኑን በሜትር ለክቶ መለየት የማይችል ሰው ስለ ሮቦት ፕሮግራም ቢያወራ ትርፉ ድካም ነው። ቀጥሎ የአየር ግፊት ሥርዓትን ከሲሊንደሩና ከቫልቩ ጋር፣ ከዚያ ፒኤልሲን ላደር በሚባለው መሰላል መሰል የንድፍ ቋንቋ፣ ከዚያም የሞተር ድራይቮችንና የኔትወርክ ግንኙነትን ያዢ። ክንዱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። የክንዱ ቋንቋ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ኤቢቢ ራፒድ የሚባለውን፣ ኩካ ኬአርኤል የሚባለውን፣ ያስካዋ ኢንፎርም የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ሆኖም አንዱን በደንብ ያወቀ ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ለላፕቶፕሽ ደግሞ ኮዴሲስ የሚባለውን የፒኤልሲ መጻፊያ በነጻ አውርጂ፤ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው የፒኤልሲ ማስመሰያ ያለ ፈቃድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይቆማል፤ እንደገና ታስነሺዋለሽ፣ ያ ብቻ ነው። ኦፕን ፒኤልሲ የሚባለው ደግሞ በርካሽ የአርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ ስለሚጫን እውነተኛ ሪሌይና መብራት ያንቀሳቅስልሻል። ስለ ክንዱ ለመማር ዩኒቨርሳል ሮቦትስ የተባለው የዴንማርክ አምራች ነጻ የኢንተርኔት ትምህርትና ነጻ ማስመሰያ አለው። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውርደሽ አስቀምጪ። ከፋብሪካው የተጣለ ኮንታክተር፣ ያረጀ ሴንሰርና የሚያፈስ ሲሊንደር አስፈቅደሽ ወስደሽ በአንድ ጣውላ ላይ ብትገጥሚያቸው ከብዙ ወርክሾፕ የተሻለ መለማመጃ ይኖርሻል።

መልስ፦ ታዛቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በአገራችን ሮቦት ያለው ፋብሪካ ጥቂት ነው። ለጥቂት ማሽን ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል? ሶፍትዌር መማር ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ፦ የመስመር ፎርማን

ወንድሜ፣ ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፤ በሥራ ማስታወቂያም ላይ «ሮቦት ቴክኒሻን» የሚል መደብ እምብዛም አታይም። የሚወጣው «የኤሌክትሮ መካኒካል ጥገና» ወይም «አውቶሜሽን» ተብሎ ነው። መምህሩ የዘረዘሩት ዕውቀት ግን በጨርቃ ጨርቅ፣ በዱቄት፣ በሲሚንቶና በስኳር ፋብሪካ ያው ነው። ከጣና ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ እንኳ የሚጠበቀው በሴንሰር፣ በቫልቭና በቁጥጥር ሥርዓት ነው። ክንዱ አንድ ማሽን ነው፤ እህታችን የምትማረው የመስመሩን ሁሉ ነው።

መልስ፦ ከሽቱትጋርት

ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ አሁን ጀርመን አገር በሜካትሮኒክስ (መካኒክን፣ ኤሌክትሮኒክስንና ቁጥጥርን ባጣመረ) ሙያ እሠራለሁ። ስለ ደላላው ብቻ ልናገር። እዚህ ይህ ሙያ በፋብሪካና በሙያ ትምህርት ቤት እየተፈራረቁ የሚማሩት የሦስት ዓመት ተኩል ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ በየወሩ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም፤ ውሉን የሚፈርመው በቀጥታ ከሚያሠለጥነው ድርጅት ጋር ሲሆን ፈተናውን የሚሰጠው የኢንዱስትሪና የንግድ ምክር ቤቱ ነው። መግቢያው ቋንቋ ነው፤ ጀርመንኛውን አዲስ አበባ ባለው የጎተ ተቋም ተምሮ መፈተን ይቻላል። አምራቾቹ ራሳቸው፣ ለምሳሌ ኩካና ፋኑክ፣ የሚሰጧቸው ኮርሶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በቀናት የሚቆጠሩ፣ ቀድሞ ሥራ ላይ ላለ ሰው የተዘጋጁ ናቸው፤ ሥራም ቪዛም አያስገኙም። ደላላውን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ቀጣሪው ማን ነው? የምሠለጥነው በየትኛው የሮቦት ሞዴል ላይ ነው? ፔንዳንቱን በእጄ የምይዘው ስንት ሰዓት ነው? እነዚህን በጽሑፍ ካልመለሰ ከብቱ አይሸጥ።

መልስ፦ የደኅንነት ባለሙያ

ካቢኔውን ለመክፈት ፈቃድ ከመጠየቅሽ በፊት ይህን አንብቢ። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንድ ባልደረባችን የወደቀ እሽግ ለማንሣት ወደ አጥሩ ውስጥ ገባ። ክንዱ ቆሞ ነበር፤ ሁላችንም «ጠፍቷል» ብለን አስበናል። ፎርማኑ ከላይ እንዳሉት ግን እየጠበቀ ነበር። ባልደረባችን ጎንበስ ሲል ትከሻው የፎቶ ሴንሰሩን ጋረደው፤ ክንዱም «እሽግ ደርሷል» የሚለውን ምልክት አገኘና ወረደ። ሁለት የጎን አጥንት ተሰበረ፤ ዳነ። የበሩ ስዊች ቢሠራ ኖሮ በሩ እንደተከፈተ ክንዱ በቆመ ነበር፤ ነገር ግን በሩ በየጊዜው እያስቆመ አስቸገረ ተብሎ አንድ ሰው ስዊቹን በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶት ኖሯል።

ስለዚህ ወደ ውስጥ ስትገቢ ዋናውን ማብሪያ በራስሽ ቁልፍ ቆልፊ፤ ቁልፉም ከኪስሽ አይውጣ። ኃይል ከጠፋም በኋላ ለሞተሮቹ ኃይል በሚሰጠው ሰርቮ ማጉያ ውስጥ ለደቂቃዎች የሚቆይ ቮልቴጅ አለ፤ በአየር ቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ሲለቀቅም መያዣው የያዘውን ይጥላል። ኃይል እንዳለው መንካት የግድ በሚሆንበት ጊዜ የእጅ ዝግታ ሁነታን ተጠቀሚ፤ በዚያ ሁነታ ክንዱ በሰከንድ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ አይሄድም። ከፔንዳንቱ ጀርባ ያለው መጫኛ ሦስት ደረጃ አለው፤ መካከለኛው ላይ ሲያዝ ብቻ ክንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ሲለቀቅም ከመጠን በላይ ሲጨበጥም ያቆማል። እንዲህ የተሠራው የደነገጠ ሰው ወይ ይለቃል ወይ ይጨብጣልና ነው።

ጥያቄ፦ ደረጃ አራት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ ፎርማንና መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደላላውን ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሣም፤ ከብቱም አልተሸጠም። የጥገና ኃላፊያችን በጽሑፍ ስጠይቃቸው ማሽኑ ተቆልፎ እሳቸው ባሉበት ካቢኔውን እንድከፍት ፈቀዱልኝ። የባትሪው ቦታ ላይ የተለጠፈው ቀን ሦስት ዓመት አልፎታል፤ አዲስ ታዝዟል።

የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ንድፉን እያየሁ የበሩን ስዊች ሽቦ ስከተል፣ በሩ ሲከፈት ክንዱን በሚያስቆመው የደኅንነት ሪሌይ ላይ ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኝ ቁራጭ ቀይ ሽቦ አገኘሁ። በንድፉ ላይ የለም። በጥምቀት ሰሞን ባለሙያው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሠራው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። ለኃላፊው አሳይቼ ሽቦውን አወጣነው፤ አሁን ሮቦቱ በሩ ተዘግቶም አይነሣም፤ እሽጉ እንደገና በትከሻ ሆኗል፤ የፈረቃው ሰዎችም የሚያዩኝ በደህና ዓይን አይደለም። ጋሼ፣ ስዊቹን እንዴት ልፈትሸው?

መልስ፦ የመስመር ፎርማን

ሽቦውን ማንሣትሽ ትክክል ነው፤ ቢጮሁብሽም አትመልሺው። ስዊቹ ሁለት የተለያዩ ጥንድ መገናኛዎች ይኖሩታል፤ ሪሌዩም ሁለቱ ባንድነት ካልተዘጉ ሮቦቱ እንዲነሣ አይፈቅድም። ማሽኑን ቆልፊ፤ የስዊቹን ሽቦዎች ከሪሌዩ ላይ ፍቺና በሩ ተዘግቶ እያንዳንዱን ጥንድ በሜትር ለኪ። አንደኛው ጥንድ ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ስዊቹን ለመቀየር አትቸኩዪ፤ አንድ ሰው በሩን ከታች ወደ ላይ ደግፎ እንዲይዝልሽ አድርጊና እንደገና ለኪ። በሩ በክብደቱ ዘሞ፣ በሩ ላይ ያለው የስዊቹ ምላስ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀር ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ያኔ የሚስተካከለው ማጠፊያው ነው። ሲስተካከልም ዳግም ማስነሻ ቁልፉ ከአጥሩ ውጭ፣ ውስጡ ሁሉ ከሚታይበት ቦታ መሆኑን አረጋግጪ። የለካሽውን ጻፊልኝ።