የኢዥማ ኮሚዎች ቋንቋቸውን «ራሳቸው ናቸው የጣሉት»?

ትርሲት፦ ትናንት እዚህ «የኢዥማ ኮሚዎች ቋንቋቸውን ራሳቸው ናቸው የጣሉት» ተብሎ የተጻፈው አናዶኛል። ኢዥማዎች በሰሜን ሩሲያ የሚኖሩ፣ አጋዘን የሚያረቡ የኮሚ ሕዝብ ክፍል ናቸው። የእረኛው ልጅ በመስከረም ከድንኳኑ ተወስዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። እስከ ግንቦት ዙሪያውን ሩሲያኛ ነው። ይሄ መጣል ይባላል?

ጌታነህ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላነሳውም። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት በወላጅ ማመልከቻ ሆኗል። ሕጉ ሩሲያኛንም የአፍ መፍቻ ብሎ መምረጥን ፈቅዷል። ወላጅ ያንን ከፈረመ ማን ጣለው ልበል?

ትርሲት፦ ፊርማው ብቻ ታየህ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ብሔራዊ ፈተና በሩሲያኛ ብቻ ነው። ወላጅ ምን ያድርግ?

ወንድይፍራው፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። የመማሪያው ኮሚ በዋና ከተማቸው በሲክቲቭካር አካባቢ ዘዬ ላይ የቆመ ነው። መጽሐፉ «ክቭ» (ቋንቋ፣ ቃል) የሚለውን ኢዥማዎች መጨረሻውን ድምፅ ጥለው አናባቢውን ያስረዝሙታል። ልጁ ከአያቱ እንደሰማው ቢጽፍ በመጽሐፉ መለኪያ ስህተት ነው።

ጌታነህ፦ ታዲያ ለየዘዬው መጽሐፍ ይታተም? በ2010 ቆጠራ ኮሚ ያለው 228 ሺህ ነበር፣ በ2021 ወደ 144 ሺህ ወረደ። እየሳሳ ያለን ሕዝብ ጭራሽ መከፋፈል!

ትርሲት፦ መነጠልን የሚያስመኘው ሕጉ ነው። «ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ነባር ሕዝብ» ለመባል ከ50 ሺህ ማነስ ያስፈልጋል። በ2002 ከ15 ሺህ በላይ ሰው ኢዥማ ነኝ ብሎ ቢመዘገብም ከኮሚ ጋር ተደምሮ ጣሪያውን ያልፋል። በኮላ ባሕረ ገብ መሬት ያለችውን ሎቮዜሮን ተመልከት፤ በ1880ዎቹ መንጋቸውን ነድተው ኮላ የገቡት ኮሚዎች ይህ እውቅና ካላቸው ነባር ሕዝብ ከሳሚዎች ጋር ጎረቤት ናቸው። ሳሚው በ55፣ ሳሚዋ በ50 ዓመት ማኅበራዊ ጡረታ ያገኛሉ። ኮሚው ለዚያ መብት የለውም።

ወንድይፍራው፦ ጡረታው ይገባቸዋል። ቋንቋ ግን አያስተምርም። ኪልዲን የተባለው የሳሚ ቋንቋ ያ ሁሉ እውቅና ኖሮት ዛሬ አቀላጥፈው የሚናገሩት ጥቂት አረጋውያን ናቸው።

ሰናይት፦ በ1372 ሚሲዮናዊው እስቴፋን ዘፔርም የቀረጸላቸው የራሳቸው ፊደል ነበራቸው እኮ። እሱ ቢመለስስ? እኛን ያቆየን ፊደላችን አይደል?

ጌታነህ፦ እህቴ፣ ኮሚ ባለፈው ክፍለ ዘመን ብቻ የሞሎድትሶቭን ፊደል፣ ላቲንን፣ ከዚያ ሲሪሊክን (የሩሲያኛውን ዓይነት ፊደል) ቀያይሯል። በተለወጠ ቁጥር ቀድሞ የታተመው ለሚቀጥለው ልጅ አይነበብም። ሌላ ለውጥ አይጨመርባቸው።

ሰናይት፦ ይነበብ አይነበብ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ፊደሉን አትክሰስ።

ወንድይፍራው፦ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። በብርዱ ወራት ዝናብ ዘንቦ በረዶው ላይ ሲረጋ አጋዘኑ በኮቴው ቆፍሮ ምግቡ የሆነው ላይከን (ሽበት መሰል ተክል) ጋ መድረስ ያቅተዋል። እረኞቹ የቅርፊቱን ውፍረት አይተው፣ ዛሬ እንነሳ ወይስ ወደ ደኑ እንጠጋ ብለው ይመክራሉ። ልጁ ያን ጊዜ አዳሪ ቤት ነው፤ የሚመጣው ለሞቃቱ ወራት ብቻ። የሙቀቱን ወራት ቃል ያውቃል፣ የብርዱ ወራት ያመልጠዋል። በያማልና በያኩቲያ ከመንጋ ጋር የሚጓዝ ትምህርት ቤት ተሞክሯል፤ እዚህም ያዋጣል።

ጌታነህ፦ አንድ የእረኞች ቡድን ውስጥ የሰባት፣ የዘጠኝና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይኖራል። አንድ መምህር ሦስቱንም በአንድ ድንኳን ያስተምር? ከአምስተኛ ክፍል በላይ ሒሳብና ፊዚክሱስ?

ትርሲት፦ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ብቻ ይስጥ፤ ቋንቋ የሚተከለው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ «ራሳቸው ጣሉት» ብትል እሰማሃለሁ።

ጌታነህ፦ ፈራሚው አሁንም ወላጅ ነው።