የልጅነት ጎረቤቴን በዘፈን ግጥም እንዴት ልሣላቸው?

ጥያቄ፦
የዘፈን ግጥምና ዜማ እደርሳለሁ። አሁን የያዝኩት ሥራ በልጅነቴ አጥር ስለምንጋራቸው አንድ አረጋዊ ነው። ሰውየው ከጎረቤት ጋር እምብዛም አይነጋገሩም ነበር፤ ይሁን እንጂ ማታ ማታ ሬዲዮናቸውን ከፍተው የዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ባርኔጣቸውን አንስተው አጸፋውን ይመልሱ፣ ባልተስማሙበት ዜና ላይም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሟገቱት ነበር። የቆሙ የግድግዳ ሰዓቶችን በረንዳቸው ላይ ይደረድራሉ፤ በጠራራ ፀሐይም ካፖርት ይደርባሉ። ይህን ሁሉ ያስገባሁበትን ግጥም የሰሙ ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔ ግን የፈለግሁት ሳቅ አልነበረም። ሰውየውን መሳለቂያ ሳላደርግ፣ ጻድቅም ሳላስመስል እንዴት ልጻፋቸው? ቤተሰቦቻቸው በሕይወት ስላሉ የስማቸው ጉዳይም ያሳስበኛል።

የመጀመሪያ መልስ፦
በእኔ እይታ ሳቁን ያመጣው የጠባዮቹ መደራረብ ነው። ሰሚ እንግዳ ነገር ተከታትሎ ሲነገረው ቀጣዩን እንደ ቀልድ መጠበቅ ይጀምራል። ሰዓቶቹንና ካፖርቱን ትተው ሬዲዮውን ብቻ ይያዙ፤ ማታ ሰላም የሚላቸው ሌላ ሰው እንዳልነበረ እሱ ብቻውን ይናገራልና። «ብቸኛ ነበሩ» የሚል ስንኝ ካለዎት ያውጡት። የአንባቢውን ሰላምታ አዝማች ቢያደርጉትስ? ቃሉ ሳይለወጥ፣ ከፊቱ የሚመጣው አንጓ ትርጉሙን ይለውጠዋል፤ በመጨረሻው ዙር ደግሞ የሰውየው መልስ ይገባበት የነበረውን ቦታ ለመሣሪያ ብቻ ይተዉት።

ሁለተኛ መልስ፦
ስለ ስሙ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው «ኤሊኖር ሪግቢ» የተባለ ዘፈን መነሻው፣ የቡድኑ አባልና የዘፈኑ ደራሲ ፖል ማካርትኒ በወጣትነቱ ያውቃቸው የነበሩ አረጋዊት እንደሆኑ ራሱ ተናግሯል። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ቄስ መጀመሪያ «ፋዘር ማካርትኒ» ይባል ነበር፤ ሰሚው የደራሲው አባት እንዳይመስለው ስሙ ወደ «ማኬንዚ» ተለወጠ፤ የሁለቱ ስሞች ቀለም (የድምፅ ክፍል) ቁጥር እኩል ስለሆነ ዜማው አልተነካም። እርስዎም ስሙን ሲቀይሩ ይህንን ይጠብቁ። የዚያ ዘፈን ተራኪ ስለ ራሱ ትዝታ አያወራም፤ ሰዎቹን ከውጭ ነው የሚያሳየን። ስለዚህ «እኔ ልጅ ሳለሁ» ብሎ መጀመር ግዴታ አይደለም። ሆኖም የሬዲዮው ነገር ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ ስም መቀየር ብቻውን አይሸሽጋቸውም፤ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ቢሰማው መልካም ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
«እኔ ልጅ ሳለሁ» ማለት ግዴታ አይደለም በሚለው አልስማማም፤ ልጁ ከወጣ ዘፈኑ የማንም ሊሆን ይችላል። በጥያቄዎ ውስጥ ግን ልጁ የሚያየው እንጂ የሚያደርገው የለም። እርስዎ ያኔ ምን ያደርጉ ነበር? ሰሚው ሽማግሌውን ብቻ ሲያይ ይስቅባቸዋል፤ ልጁንም አብሮ ሲያይ ግን ሳቁ ወደ ልጁ ይዞራል።

ከጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጥሩ ሥር ተሸሽገን በዜና አንባቢው ድምፅ ሰላም እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳይቆጡ «ዛሬ ዘግይተዋል» ብለው ይመልሱልናል። ሁለተኛውን አንጓ ከዚህ እጀምራለሁ፤ ረቂቁንም ለልጃቸው አሰማለሁ። ሰዓቶቹ ይወጣሉ፤ ካፖርቱ ግን ቤት ስለሚመታልኝ ለጊዜው አልጥለውም።