የጥንቷን ግብፅ የጣላት ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ "የጥንቷን ግብፅ ያጠፋት የውጭ ወራሪ ነው" ተብሎ ብዙዎቻችሁ ተስማምታችኋል። እኔ አልተዋጠልኝም። እስቲ እንከራከርበት።

ዘአራዳ፦ ምን ያከራክራል? በ663 ቅ.ል.ክ. አሦራውያን ታላቋን የቤተ መቅደሶች ከተማ ቴብስን ዘረፏት። በ525 ፋርሶች ገቡ። በ332 እስክንድር፣ በ30 ሮም። ይህን ሁሉ ችሎ የሚቆም አገር የለም።

መምህርት፦ ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ የሆነ ነው። ምሰሶው የተበላው ግን ከዚያ 500 ዓመት ቀድሞ ነው። በ1157 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ ቴብስ አጠገብ ያለችው የዴር ኤል መዲና መንደር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉት እነሱ ናቸው። ደመወዛቸው እህል ነበር፤ ቀኑ ካለፈ 18 ቀን ሆነው። ቅጥሩን አልፈው ወጡና ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ቁጭ አሉ። እዚህ ያመጣን ረሃብና ጥም ነው፣ ልብስ የለንም፣ ቅባት የለንም፣ ዓሣም አትክልትም የለንም፣ ለፈርዖን ንገሩልን አሉ። የተመዘገበበት ፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ዛሬም ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ አለ። ባነበብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ያው ራምሴስ እኮ "የባሕር ሕዝቦች" የተባሉትን ወራሪዎች ያሸነፈ ነው! ጠላት መለሰ፣ ሠራተኛውን ማብላት ግን አቃተው። በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን ደግሞ የመቃብር ዘራፊዎች ችሎት ይቆሙ ጀመር።

አባይ ዳር፦ የአባይን ጎርፍም አትርሱ። ያንን እህል የሚያበቅለው ጎርፍ በአብዛኛው የሚመጣው ከእኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ነበር። እዚህ ክረምቱ ሲሰንፍ እዚያ ጎተራው ይጎድል ነበር።

ቀለሜ፦ እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። መንግሥት መውደቅና ሥልጣኔ መጥፋት ለየቅል ናቸው። በዛሬይቱ ሱዳን የነበረው የኩሽ መንግሥት ንጉሥ ፒዬ ከከተማው ከናፓታ መጥቶ ግብፅን ሲይዝ የግብፃውያኑን አምላክ አሙንን እያመለከ ነው የገባው። ከእስክንድር በኋላ ግብፅን የገዙት ግሪኮቹ የፕቶሌሚ ነገሥታትም ከ237 እስከ 57 ቅ.ል.ክ. የኤድፉን ቤተ መቅደስ አሠሩ፤ ግድግዳው በሂሮግሊፍ፣ በጥንቱ የግብፅ የሥዕል ፊደል፣ የተሞላ ነው። ወራሪው ራሱ ግብፃዊ ወግ ይይዝ ነበር። ለእኔ ሥልጣኔው ያበቃው ደቡብ ግብፅ፣ አባይ ላይ ባለችው ፊሌ ደሴት ነው። ኦገስት 24 ቀን 394 እ.ኤ.አ. አንድ ካህን ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ቀረጸ። ቀኑ የሚታወቅ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ሂሮግሊፍ አልተገኘም። ሕዝቡ ክርስቲያን ሆኗል፣ ቤተ መቅደሶቹ ደጋፊ አጥተዋል፣ ያንን ፊደል የሚያስቆጥር ጠፋ።

መምህርት፦ ቋንቋው ግን ቀረ። ግብፃውያን ክርስቲያኖች በቅዳሴ የሚያሰሙት ቅብጥኛ የፈርዖኖቹ ቋንቋ ልጅ ነው። ፈረንሳዊው ምሁር ሻምፖሊዮን በ1822 እ.ኤ.አ. ሂሮግሊፍን ሲፈታ ያገዘው እሱ ነው።

ዘአራዳ፦ ይህን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ እህቴ። ቴብስን ግን አልለቅም። መቅደሱ ሲዘረፍ ፊደሉን ማን ያስቆጥራል?

ቀለሜ፦ ከቴብስ ዝርፊያ እስከ ፊሌው ካህን ከ1000 ዓመት በላይ አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን አስቆጣሪ አልጠፋም።