ሀሁን በዜማ ያወርዱታል፣ ፊደሉን ነጥዬ ሳሳያቸው ግን ዝም!

ጥያቄ (ከሐይቅ ከተማ)
ሰላም መምህራን። ሐይቅ አካባቢ 2ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በዜማ በአንድ ትንፋሽ ይወርዱታል። ከመሃል «ቤ»ን ነጥዬ ስጠይቅ ግን ግማሾቹ ከ«በ» ተነስተው ቡ፣ ቢ፣ ባ እያሉ በጣታቸው ቆጥረው ነው የሚደርሱበት። አንዳንዱማ ጭራሽ ከ«ሀ» ይጀምራል። መጽሐፉ ደግሞ አንቀጽ አንብቡ ይላል። የጽሕፈቱ ነገር አይነሳ። ከሰሌዳ ሲገለብጡ እጃቸው ያምራል፣ ቃል ጽሕፈት ስሰጥ ባዶ ደብተር። ከየት ልጀምር? «ወላጅ ያግዛቸው» እንዳትሉኝ ብቻ፣ የብዙዎቹ ቤት የሚያነብ ሰው የለም።

መልስ (ከወልዲያ)
አብሽሪ እህቴ፣ የአንቺ ክፍል ብቻ አይደለም። የኔታዎች ይሄን ድሮ ያውቁት ነበር። ሀሁን ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳን የሚያመጡት ለምን ይመስልሻል? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል ተራው ይፈርሳል፣ ልጁ በዜማው መንሸራተት አይችልም፣ የፊደሉን መልክ ማየት ግድ ይሆንበታል። እኛ ዘመናዊ ነን ብለን ዜማውን ወሰድንና ማፍረሻውን ተውነው።

ስለዚህ የፊደል ገበታውን ለጊዜው ከግድግዳ አውርጂው። 231 ፊደል ባንዴ አታሸክሚያቸው። ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ ከነዘራቸው ይበቁሻል፤ ከነሱ ብቻ ላም፣ ሎሚ፣ በሶ፣ ልብስ፣ ሙሉ፣ ሰላም ይወጣል። ልጁ ገና በጠዋቱ ቃል አነበበ ማለት ነው። ደግሞ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታች አስነብቢያቸው። ሉ፣ ሱ፣ ቡ ወገባቸው ላይ ጭረት አላቸው፣ ሊ፣ ሲ፣ ቢ እግራቸው ላይ፣ ሌ፣ ሴ፣ ቤ እግራቸው ላይ ቀለበት። ይሄን ራሳቸው ያግኙት እንጂ አትንገሪያቸው። አስቸጋሪው ሳድሱ (ስድስተኛው ፊደል) ነው፣ ል፣ ም፣ ስ፣ ብ እያንዳንዱ የራሱ መልክ ስላለው ቃል ውስጥ ደጋግሞ ከማየት በቀር መላ የለውም። ካርድ ከሌለሽ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቢና ፊደል እየጻፍሽ ለጥፊበት፣ ሁለት ሁለት ሆነው ቃል ይገጣጥሙ።

መልስ (ከከሚሴ)
በአቡጊዳው እስማማለሁ፣ ዜማውን ግን አትጣይው፣ ለማስታወስ ይጠቅማል። እኔ ጋ ልጆቹ ንባብ የሚጀምሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ነው፣ አማርኛ እንደ አንድ የቋንቋ ትምህርት ይመጣል፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደግሞ ቁርአን ቤት አለ። ሦስት ዓይነት ጽሑፍ፣ አንዱ ጭራሽ ከቀኝ ወደ ግራ! ሰው ግራ ይጋባሉ ይላል። እኔ የማየው ግን ቁርአን ቤት የከረመው ልጅ ቶሎ እንደሚገባው ነው፣ ምክንያቱም ሐርፉ (የዐረብኛው ፊደል) ላይ ምልክት ሲጨመር ድምፁ እንደሚቀየር ቀድሞ ያውቃል። ሐይቅም እኮ ቁርአን ቤት ወይ ቄስ ጋ ያለፈ ልጅ አይጠፋም። እነማን እንደሆኑ ጠይቂና ከደካሞቹ ጋር አስቀምጫቸው፣ ግማሹን ሥራ ይሠሩልሻል።

መልስ (ከደሴ)
ስለ ቃል ጽሕፈቱ ልጨምር። መጀመሪያ በጭብጨባ ይለያዩት፦ ሰ (ጭብ)፣ ላ (ጭብ)፣ ም (ጭብ)። ሦስት ጭብጨባ ሦስት ፊደል፣ ከዚያ ይጻፉ። መገልበጥ እኮ ሥዕል መሳል ነው፣ ያለ ንባብም ይቻላል። እና እባክሽ «ሰላም»ን በ«ሠ» ጻፈ ብለሽ ልጁን በቀይ አታስደንግጪው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ የትልቁም ሰው ጣጣ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል።

ጠያቂዋ
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም! ቆርኪው ቀላል ነው፣ መናኸሪያው ጋ ሞልቷል። ግን ሱፐርቫይዘር መጥቶ «ገበታው የት ሄደ?» ቢለኝስ?

መልስ (ከወልዲያ)
😂 ሲመጣ ትሰቅይዋለሽ፣ ሲወጣ ታወርጂዋለሽ። ወይም ከኋላ ወንበር አንዱን ልጅ አስነሺና ሱፐርቫይዘሩ ፊት አስነብቢው፣ ገበታውን አያነሳብሽም።