ማክስ ቬርስታፐን ለ2027 ከፎርሙላ 1 ቡድኑ ከሬድ ቡል ይወጣል? ክርክሩ ተከፍቷል

ፒት ሌን፦
የ2026 የሾፌር ወንበሮች ሞልተዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሀጃር ወደ ሬድ ቡል አድጎ ከማክስ ጎን ተቀመጠ፣ ጹኖዳ ተጠባባቂ ሆነ፣ ሊንድብላድ የሬድ ቡል ታናሽ ቡድን ሬሲንግ ቡልስ ገባ፣ 11ኛው ቡድን ካዲላክም ፔሬዝንና ቦታስን ይዞ ይመጣል። አንድ ጎማ ሳይዞር ወሬው ወደ 2027 ዘሏል። ስለዚህ በግልጽ እንከራከር፦ ማክስ ቬርስታፐን ከ2026 በኋላ ሬድ ቡልን ይለቃል ወይስ ይቆያል?

እኔ ይለቃል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ሞተር ነው። ሬድ ቡል ከፎርድ ጋር ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሞተር ይወዳደራል። አዲሱ ሕግ ደግሞ ለጀማሪ አይራራም። የኤሌክትሪኩ ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት ያድጋል፤ ከጠቅላላው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከባትሪ ሊመጣ ነው። በ2014 የሞተር ሕግ ሲለወጥ መርሴዲስ ከ19 ውድድር 16ቱን ያሸነፈው ሾፌሮቹ በአንድ ሌሊት መንዳት ስለተማሩ አይደለም።

ብርቱካን ሄልሜት፦
ወንድሜ፣ ሰውየው እስከ 2028 ውል አለው። ደግሞ 2025ን ረሳኸው እንዴ? ከሆላንዱ ዛንድፎርት ውድድር ሲወጣ ከመሪው ከማክላረኑ ፒያስትሪ በ104 ነጥብ ኋላ ነበር። በመጨረሻው ውድድር አቡ ዳቢ ላይ ሻምፒዮናው በ2 ነጥብ አመለጠው፤ የማክላረኑ ኖሪስ 423፣ እሱ 421። 8 ግራንድ ፕሪ (የእሑዱን ዋና ውድድር) አሸንፏል፤ ኖሪስም ፒያስትሪም 7፣ 7 ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አልቆለታል ሲባል የነበረ ቡድን እንዲህ ከተነሳ ምን ያስሸሸዋል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ጋሼ አሮጌ ጎማ፦
ልጆች፣ ስለ ውል ስታወሩ ሳቄ ይመጣል። ሹማከር በ1991 ቤልጂየም ላይ በጆርዳን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። ጆርዳን የኛ ነው ብሎ ሳይጨርስ በሚቀጥለው ውድድር ሞንዛ ላይ በቤኔቶን መኪና ብቅ አለ። ራይኮነን ከፌራሪ ጋር እስከ 2010 ውል ነበረው፤ አሎንሶ እንዲመጣ ተብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ በ2009 መጨረሻ ተሸኘ። ፔሬዝስ? ሬድ ቡል ከማክስ ጎን ሳለ በሰኔ 2024 ውሉ ለሁለት ዓመት ታደሰለት ተብሎ ተጨበጨበ፤ ታኅሣሥ ላይ ቤቱ ገባ። ማክስ 437 ነጥብ ሲሰበስብ እሱ 152 ላይ ቀርቶ ነበር፤ ያንን ክፍተት የትኛውም ፊርማ አይሸፍነውም።

ሰዓት ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምሳሌዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያደሉ ናቸው። በ2022 አልፒን ፒያስትሪ የኛ ነው ብሎ መግለጫ አወጣ፤ ልጁ በሰዓታት ውስጥ አልነዳላችሁም አለ። ጉዳዩ የሾፌሮችን የውል ክርክር የሚዳኘው የውል ዕውቅና ቦርድ ዘንድ ቀረበ፤ ቦርዱም የሚጸናው ከማክላረን ጋር የተፈረመው ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። አየህ ብርቱካን፣ ላንተም መልስ ነው፤ ውሉ አለ ብሎ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ውስጡ የተጻፈው ነው የሚፈርደው። የማክስም ውል የመውጫ አንቀጽ እንዳለው በሰፊው ሲነገር ቆይቷል፤ ከደረጃው ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። እንግዲህ 2028 የሚለውን ቁጥር ይዞ መከራከር ዋጋ የለውም።

ጋሼ አሮጌ ጎማ፦
ልጄ፣ ይህን እቀበላለሁ። ያ ቦርድ የተቋቋመውም ከሹማከሩ ግርግር በኋላ ነው። ግን ቦርዱ የሚለየው የማን ውል እንደሚጸና ነው፤ ልቡ የሸፈተን ሾፌር መልሶ አያስቀምጥም።

ብርቱካን ሄልሜት፦
እሺ፣ አንቀጹ አለ እንበል። የት ይሄዳል? መርሴዲስ ራስልንና አንቶኔሊን ይዟል፤ አንቶኔሊን ገና በ18 ዓመቱ አስገብተው፣ ብዙ ደክመውበት፣ አሁን ያባርሩታል?

ፒት ሌን፦
ለማክስ ሲባል ማንም ይገፋል። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ በ2025 ሰኔ ላይ ራስል ራሱ መርሴዲስ ከማክስ ጋር እየተነጋገረ መሆኑን በአደባባይ ተናግሯል። ማክስ ለ2026 እቆያለሁ ብሎ ወሬውን የዘጋው ሃንጋሪ ላይ ነው። ራስልና አንቶኔሊ በይፋ የተረጋገጡት ደግሞ ጥቅምት ላይ። ቅደም ተከተሉን እዩት እስቲ፤ እኔ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ሌላም በር አለ፣ አስተን ማርቲን። የሬድ ቡል የቀድሞ መኪና ነዳፊ ኒዊ እዚያ ነው፣ ከ2026 ጀምሮ የቡድኑ ኃላፊ እንዲሆንም ተሹሟል። ማክስ አራቱንም ዋንጫ ያነሳበት የሆንዳ ሞተርም ወደዚያው ሄዷል። እዚያ ያለው አሎንሶ 2026ን የሚጀምረው በ44 ዓመቱ ነው፤ ወንበሩ ለዘለዓለም አይያዝም።

ቀይ ፈረስ፦
ስለ ማክስ ብቻ ነው እንዴ የምታወሩት? ትልቁ ጥያቄ የኛ የፌራሪዎች ቤት ነው። ሃሚልተን በ2025 ቻይና ላይ ስፕሪንቱን (አጭሩን ውድድር) ሲያሸንፍ እንባዬ መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አንድም የግራንድ ፕሪ ፖዲየም (ከ1ኛ እስከ 3ኛ መውጣት) የለም፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ዓመት አይቶ አያውቅም። ሃንጋሪ ማጣሪያ ላይ የቡድን ጓደኛው ሌክሌር አንደኛ ሲወጣ እሱ 12ኛ ሆነ፤ ከመኪናው ወርዶ ቡድኑ ሾፌር ቢቀይር ይሻላል የሚል ነገር ተናገረ። ለኔ ያ ቀን ነው የከፋው። 105 ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው እኮ!

ብርቱካን ሄልሜት፦
አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል።

ቀይ ፈረስ፦
ነውር ነው፤ ሰውየው በአዲስ መኪና፣ በአዲስ መሐንዲስ፣ በማያውቀው ፍሬን ነው የጀመረው። ግን እውነቱን አልክድም፤ ለ2027 ወንበሩን የሚጠብቅ ልጅ አለ። ቤርማን በ2024 ጅዳ ላይ የያኔው የፌራሪ ሾፌር ካርሎስ ሳይንዝ ታሞ በድንገት ተጠርቶ፣ በ18 ዓመቱ 7ኛ ወጣ። በ2025 ደግሞ በሃስ መኪና ሜክሲኮ ላይ 4ኛ። የሃሚልተን ዕጣ በአዲሱ መኪና የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ይወሰናል ብዬ አምናለሁ። ለሱ ስል እንዲሳካ እመኛለሁ፤ ለፌራሪ ስል ግን ቤርማንን እፈልጋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መመኘት ከቻልኩ።

ሰዓት ቆጣሪ፦
ወደ ማክስ እንመለስ። ፒት ሌን፣ 2014ን ጠቀስክ፤ ሃሚልተን ግን ከማክላረን የወጣው ለ2013 ነው፤ ሕጉ ከመለወጡ አንድ ዓመት ቀድሞ። ያን ጊዜ መርሴዲስ በአዲስ መልክ ከተመለሰ ወዲህ ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነበር፣ 2012 ቻይና። አብዷል ያላለው አልነበረም። ያ ሳይታይ የተዘለለ ዝላይ ነው፤ ተሳካለት። በተቃራኒው ቪልነቭ የ1997 ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ በ1999 አዲስ ወደተመሠረተው ባር (BAR) ቡድን ሄደ፤ በዚያ ዓመት አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም። አሎንሶ በ2015 ከፌራሪ ወደ ማክላረን ሆንዳ ዘለለ፤ በዓመቱ የያዘው 11 ነጥብ ነው። ሕግ በሚለወጥበት ሰሞን መዝለል ማለት ይህ ነው፤ ወይ ሃሚልተን ትሆናለህ ወይ አሎንሶ።

ማክስ ግን ከሦስቱም በተለየ ቦታ ነው ያለው። መዝለል አላስፈለገውም። በ2026 ባለበት ተቀምጦ የሁሉንም ሞተር በሩጫ ላይ ያያል፤ መርሴዲስ ለራሱ፣ ለማክላረን፣ ለዊልያምስና ለአልፒን የሚያቀርበው ሞተር ምን ያህል እንደሆነ ዓይኑ እያየ ይገባዋል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ። ስለዚህ ይወጣል አይወጣም ከማለት በፊት የሬድ ቡል ሞተር የመጀመሪያውን አጋማሽ እንዴት ይጨርሳል ብላችሁ ጠይቁ።

ፒት ሌን፦
ይሄኛው ሐሳብ ከኔ ይሻላል፣ አልደብቅም። ግን ሞተሩ ደህና ቢሆን እንኳ ቤቱ ባዶ እየሆነ ነው። ኒዊ ሄደ፣ የቡድኑ ኃላፊ ሆርነር በሐምሌ 2025 ተሰናበተ፣ አማካሪው ማርኮም በዓመቱ መጨረሻ ለቀቀ። ማክስን ያሳደጉት ሰዎች የሉም።

ብርቱካን ሄልሜት፦
ሆርነር ከወጣ በኋላ ነው እኮ መኪናው የተሻለው! ሜኪስ በሱ ቦታ ኃላፊ ከሆነ በኋላ ነው ከ104 ነጥብ ወደ 2 የወረደው። የድሮ ሰው ሄደ ብሎ ማልቀስ አይገባኝም።

ጋሼ አሮጌ ጎማ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ያ ከማክስ ጎን ያለው ሁለተኛው ወንበር ነው። ጋስሊ በ2019 ከ12 ውድድር በኋላ ወረደ፣ አልቦን ተከተለው፣ ሎውሰን በ2025 ሁለት ውድድር ብቻ ነድቶ ለጹኖዳ አስረከበ። አሁን ሀጃር። ዛንድፎርት ላይ በሬሲንግ ቡልስ መኪና ፖዲየም የወጣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ያ ወንበር ግን ጎበዝ አይለይም። ማክስ ቢወጣ ቡድኑ የሚቀረው ለዓመታት ለአንድ ሰው እጅ ከተሠራ መኪና ጋር ነው። ይህን ስለሚያውቁ ነው የጠየቀውን ሁሉ የሚሰጡት፤ እንዲቆይ የሚያደርገውም ይኸው ይመስለኛል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።

ሰዓት ቆጣሪ፦
እንግዲያው ጋሼ ይቆያል ባይ ነዎት?

ጋሼ አሮጌ ጎማ፦
ሞተሩ ካልተቃጠለ፣ አዎ።

ቀይ ፈረስ፦
ለኛ ይምጣልን እንጂ! ከ2007 ወዲህ የሾፌሮች ዋንጫ አላየንም።

ብርቱካን ሄልሜት፦
አንተ ደግሞ ቤርማንን ትላለህ፣ ማክስን ትላለህ፤ ሌክሌርን የት ልታደርገው ነው?

ፒት ሌን፦
በቃ እንወራረድ። የነሐሴው እረፍት ሲገባ ማክስ ከሦስተኛ ደረጃ በታች ከሆነ ይሄዳል ብዬ እፈርማለሁ። ከተሸነፍኩ ብርቱካን ሄልሜት የመረጠልኝን ስም ለአንድ ወር እይዛለሁ።

ብርቱካን ሄልሜት፦
ስምህን ከአሁኑ መርጫለሁ፤ ፎርድ ነው።

ሰዓት ቆጣሪ፦
ፊርማህ የመውጫ አንቀጽ የለውም አይደል?