የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለ ባክቴሪያን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ውጤትን አንድ ቀን ማስቀደም

አስተባባሪ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ ትልቁን ገንዘብ የመደበው ባክቴሪያን በዘረመሉ ለሚለይ ሞለኪውላር ማሽንና በየምርመራው ለሚያልቀው ካርትሬጁ ነው። የተቃወማችሁ ምክንያታችሁንና በምትኩ የምትሉትን እዚህ አስፍሩ።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦ ካርትሬጁ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ዲስክ (አንቲባዮቲክ ያለበት ክብ ወረቀት) እና ሙለር ሂንተን አጋር (ባክቴሪያ የሚዘራበት ምግብ) ግን ዛሬም እየገዛን ነው። የኢዩካስትን (የአንቲባዮቲክ ምርመራ ደረጃ የሚያወጣው የአውሮፓ ኮሚቴ) ፈጣን የዲስክ ዘዴ እናስገባ፤ የካልቸር ማሽኑ ፖዘቲቭ (ባክቴሪያ አድጎበታል) ካለው የደም ጠርሙስ 125 ማይክሮሊትር ሳይቀጥን በ90 ሚሊሜትር ፕሌት ላይ ይዘራል፣ ዲስኩ ይቀመጣል፣ ዞኑ (በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ) ከ4፣ ከ6 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ይለካል። ለንባብ የወጣ ፕሌት በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢንኩቤተር ይመለስ። ጠዋት 3:00 የተዘራው 7:00፣ 9:00 እና 11:00 ላይ ስለሚነበብ ከሥራ ሰዓታችን ጋር ይገጥማል። ማታ ፖዘቲቭ ያለውም ይደርሳል፣ ፖዘቲቭ ካለ በኋላ እስኪዘራ ገደቡ 18 ሰዓት ነውና። ዘዴው የተፈተሸው በአውቶማቲክ ማሽን ጠርሙሶች ነው፤ ካልቸር በዓይን የሚያዩ ሆስፒታሎች ለጊዜው ይቆዩ።

የጥራት ኃላፊ፦ እደግፋለሁ፤ ግን የባክቴሪያው ዓይነት ሳይታወቅ ዞን አይተረጎምም። የኢ ኮላይ የዞን መተርጎሚያ ሠንጠረዥ ለክሌብሲየላ አይሠራም፣ ዓይነቱን ቶሎ የሚለየው ማልዲ-ቶፍ ማሽንም የለንም። ስለዚህ ግራም ስቴን (ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ላይ በዘለላ የተሰበሰበ ኮካይ (ክብ ባክቴሪያ) ከታየ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን የሚለየው ቲዩብ ኮአጉሌዝ ከጠርሙሱ በቀጥታ ይሠራ። ለግራም ኔጌቲቭ ዓይነቱን የሚለየው የባዮኬሚካል ምርመራም በዚያው ቀን ከጠርሙሱ ይዘራ፣ ዞኑ ተለክቶ ይመዝገብ። በማግስቱ ሰብካልቸሩ (ከዚያው ጠርሙስ በሌላ ፕሌት ላይ የተዘራው) ንጹሕ ከሆነ ውጤቱ ይለቀቅ። ሁለት ዓይነት ካደገ ልኬቱ ይሰረዝ፣ ይኼ ላይ ድርድር የለም።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲስተር፦ ናሙናው ከተበላሸ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ፣ ለጨቅላ ቢያንስ 1 ሚሊ ይግባ። ጠርሙሱ ከመሞላቱ በፊትና በኋላ ይመዘን፤ 1 ሚሊ ደም ከ1 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ለየዋርዱ አንድ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይጠየቅ። አዋቂ ላይ 2 ፐርሰንት ክሎርሄክሲዲን በአልኮል ተቀብቶ 30 ሰከንድ ሳይደርቅ መርፌ ከገባ የቆዳ ባክቴሪያ ያድግና በሽተኛው ያለ ምክንያት ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ይጀምራል። ኮንታሚኔሽን (የቆዳ ባክቴሪያ ያደገበት ካልቸር) ከ3 ፐርሰንት በታች የሚለው በመለኪያዎቹ ውስጥ ይግባ።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፦ ሲስተር ልክ ነሽ። እኔ የምጨምረው፣ ግራም ስቴኑ በ1 ሰዓት ውስጥ ለተረኛው ሐኪም በስልክ ይነገር፣ የሰማው ሰው ስምና ሰዓትም ይመዝገብ። ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ካደረ ያተረፍነው ሰዓት ይባክናል።

አስተባባሪ፦ ሞለኪውላር ማሽኑ ከረቂቁ ወጥቷል፤ ሚዛኑ፣ ዲስኩና ሥልጠናው ገብተዋል። የቅዳሜና እሁድ ተረኛ አበል ግን ረቂቁ ላይ የለም፤ ቅዳሜ ቀትር ፖዘቲቭ ያለ ጠርሙስ ሰኞ ጠዋት 18 ሰዓቱን አልፏል። እያንዳንዱ ሆስፒታል ስንት ተረኛ እንደሚፈልግ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።