ተርኪ በቀስት ሳድን ዲኮዩን የት ልትከል? አውራው 40 ያርድ ላይ ቆሞ ይቀራል

ቀስተኛው (ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኩልፔፐር አካባቢ አንድ ገበሬ መሬቱ ላይ እንዳድን ፈቅዶልኛል። ቦታው የከብት ግጦሽ ሜዳ ነው። በአንድ በኩል ጫካ አለው፤ ተርኪዎቹም፣ ማለትም የማድናቸው ትልልቅ የዱር ወፎች፣ የሚያድሩት እዚያው ዛፍ ላይ ነው። የማድነው በኮምፓውንድ ደጋን ነው፤ የምቀመጠው ደግሞ በሚዘረጋ የአደን ድንኳን ውስጥ። ሁለት ዲኮይ፣ ማለትም ወፉን ለማታለል የሚተከል የተርኪ ምስል፣ አለኝ፤ አንዲት ሴትና አንድ ጄክ፣ ማለትም ገና ዓመት የሆነው ወንድ። ከድንኳኑ 20 ያርድ ያህል ርቀት ላይ እተክላቸዋለሁ። አውራው፣ ማለትም ትልቁ ወንድ፣ የሚመጣው ከጫካው ስለሆነ የሁለቱንም ፊት ወደዚያ አዞራለሁ።

አውራው ይጮኻል፣ ይመጣል፣ ጭራውን ዘርግቶ ክንፉን መሬት እያስነካ 40 ያርድ ላይ ይንጎራደዳል። ከዚያ ወዲህ ግን ንቅንቅ የለም። እኔ ደግሞ ከ25 ያርድ በላይ በቀስት መተኮስ አልፈልግም፤ አቁስሎ መልቀቅ ነው የሚሆነው። አልፎ አልፎ ጠጋ ሲልም ደጋኑን ስስብ ያየኝና ይፈረጥጣል። ጠመንጃ የሚይዙት ጓደኞቼ «20 ያርድ ልክ ነው፣ አትነካካው» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሚኒሶታው፦

ጓደኞችህ የነገሩህ ለሾትገን ነው። እነሱን 40 ያርድ ላይ የቆመ አውራ ይበቃቸዋል፤ ለአንተ ግን ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ነው።

ዲኮዮቹን ወደ ድንኳኑ አምጣቸው፤ ከ5 እስከ 8 ያርድ። በጣም ቀረበ አትበል። አውራው ዲኮዩ ጋ ሳይደርስ 15 ያርድ ሲቀረው ቢቆም እንኳ ካንተ 20 እና 23 ያርድ ላይ ነው። ዲኮዩ 20 ላይ ሲተከል ግን ያው አቋቋሙ 35 ያርድ ይሆናል። የገጠመህም ይኸው ነው።

የሚቆመው ፈርቶ ብቻ አይደለም። በተፈጥሮ ጩኸቱን ሰምታ ወደ ወንዱ የምትሄደው ሴቷ ናት። እሱ ሥራው መጮህ፣ ጭራውን ማሳየትና መጠበቅ ነው። ሴቷን ካየ «አይታኛለች፣ ትምጣ» ብሎ እዚያው ይገተራል። ጄኩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ታናሽ ወንድ ሴት አጠገብ ቆሞ ሲያይ ቅናቱ ይጎትተዋል።

ከርቀቱ ይልቅ የሚብሰው ግን የጄኩ ፊት ነው። ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ራስህ አዙረው። አውራ ተቀናቃኙን ፊት ለፊት ነው የሚገጥመው። ጄኩ ድንኳኑን ካየ፣ አውራው ዞሮ በጄኩና ባንተ መሐል ይገባና ጀርባውን ይሰጥሃል። የዘረጋው ጭራ እንደ ጃንጥላ ዓይኑን ይጋርደዋል፤ ደጋንህን የምትስበው ያኔ ነው። አሁን ባለው አተካከልህ ግን አውራው ከጄኩ ፊት ሲቆም አንተንም ፊት ለፊት እያየህ ነው። ስትስብ ባያይህ ነበር የሚገርመው።

ሴቷን ከጄኩ ሁለት ሦስት ያርድ ራቅ አድርገህ ፊቷን ካንተ አዙር። ወንድ ብዙ ጊዜ ከኋላዋ ነው የሚቀርባት።

የዴንቨሯ፦

የሚኒሶታው ወንድማችን ያለው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ድንኳኑ ነው። ዲኮዩን ከመስኮትህ ቀጥታ ፊት ለፊት አትትከለው፤ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ወፉ ዲኮዩን ትኩር ብሎ ሲያይ መስኮትህ በዚያው መስመር ላይ እንዳይሆን ነው። የተርኪ ዓይኖች ጎንና ጎን ስለሆኑ አንገቱን ሳያዞር 270 ዲግሪ ያህል ያያል፤ ቀለምም ይለያል። ድንኳኑን ራሱን ብዙም አይፈራውም፤ የሚፈራው ውስጡ የሚንቀሳቀሰውን ነው። የኋላ መስኮቶቹን በሙሉ ዝጋ፣ ጥቁር ልበስ፣ ወንበርህንም ከመስኮቱ ሸሸት አድርገው።

አጋዘን ስታድን የኖርክ ከሆነ ስለ ሽታ አትጨነቅ፣ ተርኪ በማሽተት ደካማ ነው። ነፋስ የሚጎዳህ በሌላ መንገድ ነው፤ ዲኮዩን በዘንጉ ላይ ያሽከረክረዋል። ክብ የሚዞር ወፍ አውራው አይቶ አያውቅም። በጭራው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን እንጨት ብትተክል በመጠኑ ብቻ ይወዛወዛል። መወዛወዙ ደግሞ ጥሩ ነው።

ቤትህ ጓሮ ቆመህ ስትለማመድ ከርመህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ ከተኮስክ ችግር አለ። ማነጣጠሪያው ከቀስቱ በላይ ስለሆነ ዒላማው በመስኮቱ ጥርት ብሎ እየታየህ ቀስቱ የመስኮቱን የታችኛውን ጠርዝ ሊመታ ይችላል። በ5 ያርድ ላይም የ20 ያርዷን ፒን (የማነጣጠሪያውን ነጥብ) ብትጠቀም ቀስቱ ካነጣጠርከው ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። ከወቅቱ በፊት ተቀምጠህ በ5፣ በ8 እና በ12 ያርድ ሞክረው። የደጋኑንም የመሳቢያ ክብደት ስቴትህ እስከፈቀደው ድረስ ቀንስ። ለተርኪ የአጋዘኑ ኃይል አያስፈልግህም፤ የሚያስፈልግህ ሳትንደፋደፍ ቀስ ብለህ ስበህ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘህ መቆየት ነው።

ደጋን ያዥ (ዳላስ)፦

እኔ በጄኩ ነገር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ወቅቱ ሲከፈት ይሠራል። ወደ መጨረሻው ግን ብዙዎቹ አውራዎች ተደባድበው፣ ተሸንፈው፣ ተተኩሶባቸው የሰነበቱ ናቸው። እንዲህ ያለው ጄክ ካየ ጠብ አልፈልግም ብሎ በዳር በዳር ይሄዳል። ሙሉ ጭራውን የዘረጋ ትልቅ የወንድ ዲኮይ ደግሞ የሁለት ዓመት ወንዶቹን ጭራሽ ያባርራል። እኔ በሜይ ወር የምተክለው አንዲት መሬት የምትለቅም ሴት ብቻ ነው፤ በወፍ ድምፅ መጥሪያውንም እቀንሳለሁ።

የሚኒሶታው፦

የዳላሱ፣ አንተ ያለኸው ቴክሳስ ነው፤ ሪዮ ግራንዴ የሚባለው የተርኪ ዝርያ ሜዳ ላይ በመንጋ ስለሚሄድ ጠባዩ ይለያል። የቨርጂኒያው ኢስተርን የሚባለው ዝርያ ነው፣ ጫካ የለመደ። ሆኖም ስለ መጨረሻው ወቅት ያልከው ለሁሉም ይሠራል። ቀስተኛው፣ አውራው ጄኩን አይቶ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ካለ በማግስቱ ጄኩን ቤት ተወው። ጭራውን ዘርግቶ የጭንቅላቱ ቀለም እየተለዋወጠ ከመጣ ግን ጄኩን አትንካው።

ጋሼ (ሪችመንድ)፦

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ወፉ ብቻ አወራችሁ፤ ሌላ አዳኝም አለ እኮ። ልጄ፣ ያንተ መሬት የግል ስለሆነ ትንሽ ይሻላል፤ ቢሆንም ገበሬው ለሌላ ሰው ፈቅዶ እንደሆነ ጠይቀው። ዲኮይ ተሸክመህ ስትሄድ በከረጢት ይሁን፣ ከላዩም ብርቱካናማ ጨርቅ ጣልበት። የአውራ ጭንቅላት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስለሆነ እነዚህን ቀለሞች ከካልሲህ ጀምሮ አትልበስ። ድንኳን ከሌለህ ከትከሻህ የሚሰፋ ዛፍ ተደገፍ። ሰው ወደ ዲኮይህ ሲመጣ ካየህ እጅህን አታውለብልብ፣ የወፍ ድምፅም አታሰማ፤ ጮክ ብለህ ተናገር። የተርኪ ጭራ ከፊቱ ይዞ እየዳኸ የሚጠጋ ሰው በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። በሕዝብ መሬት ላይ ይህን ማድረግ ራስን ዒላማ ማድረግ ነው።

ሕጉንም በየዓመቱ አንብብ። በእኛ ስቴት የጸደዩ ወቅት የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚፈቀደው። የሚገደለው ደረቱ ላይ ጺም የሚመስል ላባ ያለው ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጥሪያ ክልክል ነው። ሌላ ስቴት ብትሄድ ዲኮዩም ራሱ ላይፈቀድ ይችላል። አላባማ ለምሳሌ ከ2022 ጀምሮ በወቅቱ የመጀመሪያ 10 ቀናት ዲኮይ ከልክላለች።

ቀስተኛው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እናንተም ወንድምና እህቶቼ። የጄኩን ፊት ነገር አስቤውም አላውቅ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጭራውን ዘርግቶ ጀርባውን ሲሰጠኝ የት ነው የምመታው? ሌላው ደግሞ ባለቤቴ «ጾም ነው፣ ደግሞስ ሳይታረድ በቀስት የሞተ ወፍ ቤቴ አይገባም» እያለች ነው።

የዴንቨሯ፦

ጀርባውን ሲሰጥህ የጭራው ላባዎች ከገላው የሚወጡበት ሥሩ ላይ፣ መሐሉን። ጎኑን ሲሰጥህ ክንፉ ከገላው የሚጋጠምበት ቦታ ላይ፣ ከፍ አድርገህ። ደረቱ ሰፊ መስሎህ ዝቅ አድርገህ ብትመታ የምትወጋው ሥጋ ብቻ ነው፤ ወፉ በሮ ይሄዳል። ላባውን ነፍቶ ሲቆም ገላው ከሚታየው በጣም ያነሰ ነው። እኔ የሚቻል ከሆነ ላባውን እስኪሰበስብ እጠብቃለሁ። ጄኩን መደብደብ ከጀመረም አትቸኩል፣ ጋብ ሲል ተኩስ። የቀስትህ ስለት ሲመታ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ በመስኮቱ መረብ ውስጥ አትተኩስ፤ መረቡ ላይ ሊከፈትብህ ይችላል።

ጋሼ (ሪችመንድ)፦

ጾሙ ቀላል ነው፤ ፋሲካ እስኪደርስ ፍሪዘር አለ። ሳይታረድ የሚለውን ግን እኔ አልፈርድልህም፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ከመተኮስህ በፊት ብታደርገው ደግሞ ይሻላል። ከተፈቀደላችሁ የጭኑን ሥጋ ለብቻ አውጡትና ረዘም ላለ ሰዓት ቀቅሉት፣ የዱር ተርኪ እግር ጅማቱ ብርቱ ነው። ደረቱ ለጥብስ ይሆናል።

ደጋን ያዥ (ዳላስ)፦

ቀስተኛው፣ ዲኮዮቹን ስትተክል ጨለማ ሳለ ጨርስ። ከማደሪያቸው ዛፍ 100 ያርድ ያህል ራቅ በል፤ ሥሩ ድረስ ከሄድክ ከላይ ሆነው ያዩሃል። ባትሪህ ቀይ ብርሃን ይኑረው፣ ወደ ላይም አታብራ። ገበሬው ከብቶቹን ጠዋት ወደዚያ ሜዳ የሚያወጣ ከሆነም ዲኮዮቹን ከመንገዳቸው አርቅ። ጥጃ ይረግጣቸዋል፤ ርካሽ አይደሉም።